ደራሲዋ አንቺ ነሽ?

ስልኬ የጮኸው እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ቁጥሩን አላውቀውም። አነሣሁት። የሽማግሌ ድምፅ ነው፤ ረጋ ያለ፣ የማይቸኩል።

«ጤና ይስጥልኝ ልጄ። ደራሲዋ አንቺ ነሽ?»

ትንሽ ዝም አልኩ። መጽሐፌ ከታተመ ሁለት ወር አልፎታል። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ግን በዚህ ስም የጠራኝ ሰው አልነበረም። ማተሚያ ቤት ስሄድ ደንበኛ ነኝ። አከፋፋዮች ዘንድ «እህት» ነኝ። ሰፈር ውስጥ የእናቴ ልጅ ነኝ።

«አዎ አባቴ፣ እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«እግዜር ይስጥሽ። የልጅ ልጄ አምጥቶልኝ አነበብኩት፤ ደስ ብሎኛል። አንድ ነገር ልጠይቅሽ ብዬ ነው ከውስጡ ስልክሽን አይቼ የደወልኩት። ገጽ 143 ላይ እናትየው በሌሊት ተነሥታ ስትጸልይ፣ ለልጇ ምን እንድትለምንለት ነው የፈለግሽው?»

መጽሐፉን አነሣሁና ገለጥኩት። እናትየው ግንባሯን መሬት አስነክታ «ጌታዬ ሆይ፣ ለልጄ ድህነትን ስጠው» ትላለች።

እኔ ያሰብኩት ድኅነትን ነበር፤ መዳንን። ልጁ ታሟል፣ እናቱ እንዲድንላት ትለምናለች። በ«ህ» ሲጻፍ ግን ድህነት ማጣት ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ አብሬያት የኖርኩት ሴት፣ በ2,000 ቅጂ ላይ፣ ለታመመ ልጇ ችጋር ስትለምን ታድራለች።

ፊቴ ጋለ። «የፊደል ግድፈት ነው አባቴ፣ ይቅርታ» አልኩ። ከዚያ ቸኩዬ ገጾቹን ስላቀናበረው የሌይአውት ሠራተኛ፣ ስለ ማተሚያ ቤቱ ጥድፊያ፣ ስለ ወረቀት ዋጋ ማውራት ጀመርኩ። እሳቸው እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«ገብቶኛል ልጄ። ፊደል ይስታል። ግን ሽፋኑ ላይ ያለው ያንቺ ስም ነው። ለዚህ ነው ላንቺ የደወልኩት።»

መጻፍ የጀመሩ ልጆች «እንዴት ነው ደራሲ የሚኮነው?» እያሉ ይጠይቁኛል። አብዛኞቹ ረቂቅ ጨርሰው መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጡ ናቸው። ከዚያ ስልክ በፊት ቢጠይቁኝ ኖሮ ስለ መጻፍ ነበር የማወራላቸው። አሁን ግን ስለ ተጠያቂነት ነው የማወራው። ደራሲ ማለት ያ ስልክ ሲደወል «እኔ ነኝ» ብሎ የሚያነሣው ሰው ነው። ይኼን ለመረዳት ሁለት መጽሐፍ መጻፍ ነበረብኝ። አንዱ የኔ አይደለም።

የኔ ያልሆነውን የጻፍኩት በ2004 ነው። አንድ ነጋዴ የሕይወት ታሪካቸውን ማሳተም ፈለጉና በሰው በሰው አገኙኝ። ጋሼ እላቸው ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤታቸው እየሄድኩ፣ ቡና እየተፈላ፣ ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ድምፃቸውን እቀዳለሁ። ማታ ማታ ወደ ጽሑፍ እገለብጣለሁ። እሳቸው ሲያወሩ ከልጅነት ወደ እስር ቤት፣ ከእስር ቤት ወደ ሠርጋቸው ይዘላሉ። ያንን ሁሉ መልክ ያስያዝኩት እኔ ነኝ። ከ300 ገጽ በላይ የሆነው መጽሐፍ ውስጥ በኔ እጅ ያልተጻፈ ዓረፍተ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ሲመረቅ አዳራሹ መጨረሻ ላይ ተቀምጬ አጨበጨብኩ። ስሜ ምስጋናው ላይ «ለትብብሯ» ተብሎ በአንድ መስመር ገብቷል። ከፍለውኛልና ምን እላለሁ? ውስጤ ግን ተጎድቶ ነበር።

ከወራት በኋላ አንድ ምዕራፍ ጠብ አመጣ። የአባታቸውን መሬት ክፍፍል ያወሩበት ቦታ ነው። ዘመዶቻቸው «ስማችንን አጠፋህ» ብለው ሽማግሌ ላኩባቸው። እኔ በዚያን ቀን ለሌላ ጉዳይ ቤታቸው ነበርኩ፤ ጓዳ ውስጥ ሆኜ ሰማሁ። ሽማግሌዎቹ ያችን አንቀጽ ጮክ ብለው አነበቧት። ቃሏ የኔ ናት። «ያች መሬት እስከ ዛሬ ታለቅሳለች» የምትለውን ሐረግ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የጻፍኳት እኔ ነኝ። ጋሼ ግን «ልክ ነው፣ እኔ ነኝ ያልኩት። እንዲህ ማለት አልነበረብኝም፤ ያልኩበት ምክንያት ግን ይኼ ነው» ብለው ያስረዱ ጀመር። ወደኔ የተመለከተ ማንም የለም። እሳቸውም አላመካኙብኝም። እኔም እዚያው ጓዳ ውስጥ የኔ ስም ሽፋኑ ላይ ያልገባበት ምክንያት ገባኝ።

እግረ መንገዴን፣ የሰው መጽሐፍ ለምትጽፉ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 እንደሚለው፣ ሰው ቀጥሮ ወይም አዝዞ ያሠራው ሥራ ሌላ ውል ከሌለ በስተቀር ባለቤቱ ያሠራው ሰው ነው። ስለዚህ ክፍያውን፣ ስማችሁ የት እንደሚገባ፣ ሁለተኛ ዕትም ሲታተም ድርሻ እንዳላችሁ ወይም እንደሌላችሁ አስቀድማችሁ በጽሑፍ ተስማሙ። እኔ በቃል ነበር የተስማማሁት። ጋሼ ደግ ሰው ስለሆኑ ብቻ አልተጎዳሁም።

የራሴን ልቦለድ በ2006 ጀምሬ በ2012 ጨረስኩ። ስለ መጻፉ ብዙ አላወራም፤ ሁሉም ሰው የራሱ መንገድ አለው። እኔ ጠዋት 11 ሰዓት ተነሥቼ ሥራ እስክገባ እጽፍ ነበር። ማውራት የምፈልገው ሰው ስለማይነግራችሁ ነገር ነው፤ ስለ ፊደል።

በአማርኛ ሀ፣ ሐ እና ኀ አንድ ድምፅ ሆነዋል። ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀም እንደዚያው። በድምፅ ሲነበብ ልዩነት የለም። ስለዚህ ብዙዎቻችን «ምን ለውጥ ያመጣል?» እንላለን። እኔም እል ነበር። አርታኢዬ ረቂቁን ሲመልስልኝ አንድ ገጽ ላይ ዓመት፣ አመት እና ዐመት ብዬ በሦስት መንገድ እንደጻፍኩ አሳየኝ። ሥራና ስራ ደግሞ እንደ ስሜቴ ይቀያየሩ ነበር። እሱ ያስተማረኝ ዘዴ ቀላል ነው። አንድ ወረቀት አውጡ። ደጋግማችሁ የምትጠቀሙባቸውን ቃላት ጻፉና ከፊት ለፊታቸው የምትመርጡትን አጻጻፍ አድርጉ። ከዚያ በኋላ ከወረቀቱ አትውጡ። የትኛውን መረጣችሁ የሚለው ሊያከራክር ይችላል፤ አንዴ ከመረጣችሁ በኋላ መዋለል ግን የደራሲ ሥራ አይደለም።

ሌላው የታይፕ ጉዳይ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ምዕራፎች የጻፍኩት ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ኮድ) ባልሆነ አሮጌ ፎንት ነበር። በኋላ ሲቀየሩ ግማሹ ፊደል ወደማይነበብ ምልክት ተለወጠ፤ ቁጭ ብዬ እንደገና ተየብኳቸው። አራት ነጥብን ደግሞ ሁለት ሁለት ነጥብ ደርድሬ ነበር የማስገባው። ሌይአውት ሲሠራ መስመሩ መጨረሻ ላይ ተሰንጥቆ አንዱ ሁለት ነጥብ ወደሚቀጥለው መስመር ይወርዳል። ከመጀመሪያው ትክክለኛውን ። ተጠቀሙ፤ ለብዙ ሌሊት እንቅልፍ ያተርፍላችኋል።

ታዲያ ይኼን ሁሉ አውቄ ገጽ 143 እንዴት አመለጠኝ? ይኼንን በደንብ ልንገራችሁ፤ ከሁሉም በላይ የሚጠቅማችሁ ይኼ ይመስለኛል።

አርትኦቱ አልቆ፣ ሌይአውቱ ተሠርቶ፣ መጽሐፉ 211 ገጽ መጣ። ማተሚያ ቤት ወሰድኩት። ሥራ የሚረከበው ሰውዬ ገጹን አየና «211 አይሆንም» አለኝ። አንድ ትልቅ ወረቀት ወስዶ ጠረጴዛው ላይ አጠፈልኝ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። በሁለቱም ፊት ሲቆጠር 16 ገጽ ሆነ። «መጽሐፍ የሚሠራው በዚህ ነው። ወይ 208 ነሽ ወይ 224 ነሽ» አለ። 224 ከሆነ 13 ባዶ ገጽ ይተርፋል፤ ለባዶው ወረቀትም እከፍላለሁ። የወረቀት ዋጋ ደግሞ በየሳምንቱ ነበር የሚንቀሳቀሰው። የሰጠኝ ፕሮፎርማ፣ የዋጋ ማቅረቢያው ወረቀት፣ የሚያገለግለው ለሰባት ቀን ብቻ ነው። ብሩ የዕቁብ ብር ነው፤ ትርፍ የለውም።

ሦስት ገጽ ለመቁረጥ ወሰንኩ። በሁለት ሌሊት ቆረጥኩ። እናትየው ከጎረቤቷ ጋር ስለ ልጁ ሕመም የምታወራበት ረጅም ትዕይንት ነበር፤ እሱን አውጥቼ በአራት ዓረፍተ ነገር ጸሎት ተካሁት። ሲነበብ አማረኝ። እንዲያውም ከረጅሙ ይሻላል አልኩ፤ አሁንም ይሻላል እላለሁ። ለአርታኢዬ ግን መልሼ አልላክሁትም። ለአራት ዓረፍተ ነገር ብዬ ላስቸግረው አልፈለግኩም። ጠዋት ወደ ማተሚያ ቤት ሮጥኩ።

ስለዚህ በዚያ ስልክ ላይ ሌይአውት ሠራተኛውን ስከስ አንድም እውነት አልተናገርኩም። ያችን «ህ» የጻፈችው የኔ ጣት ናት። ከአርትኦት በኋላ አንዲት ቃል ከቀየራችሁ፣ ያች ገጽ ገና አልታረመችም ማለት ነው። መልሳችሁ ላኩ። እምቢ ካለ ወዳጅ ጥሩና ጮክ ብላችሁ አስነብቡ፤ እንደ ድኅነት ያለውን ግን ጆሮ አይለየውም፣ ዓይን ነው የሚለየው። ገጹ በ16 እንደሚቆጠር ደግሞ ሌይአውት ከመጀመሩ በፊት እወቁት።

ከደወሉልኝ ሽማግሌ፣ ከየኔታ ጋር (የቅኔ መምህር መሆናቸውን በኋላ ነው የነገሩኝ) ከዚያ ወዲህ ተዋውቀናል። አንድ ቀን ቤታቸው ሄጄ ስለ ቅኔ ቤት አጫወቱኝ። ተማሪው ቅኔ ሲቆጥር፣ ማለትም በልቡ ሲያሰናዳ ይውላል፤ ከዚያ መጥቶ መምህሩ ፊት ይነግራል። ጓደኞቹ ይሰማሉ። መምህሩ እዚያው ያርመዋል። «የተሳሳተ ቅኔ ይዞ መምጣት አያሳፍርም» አሉኝ። «የሰው ቅኔ ይዞ መምጣት ነው የሚያሳፍረው። የተሳሳተው ያንተ ከሆነ ትታረማለህ። የሰው ከሆነ ማንን ልረም?» የብራና መጻሕፍት መጨረሻ ላይ የሚገኘውን ጸሎትም አነበቡልኝ፤ ለዘጸሐፎ ወለዘአጽሐፎ፣ ለዘአንበቦ ወለዘተርጐሞ፣ ወለዘሰምዐ ቃላቲሁ። ለጻፈው፣ ላስጻፈው፣ ላነበበው፣ ለተረጎመው፣ ቃሉን ለሰማው። አንድ መጽሐፍ ስንት ሰው እንዳለው ያኔ ነው ያሰብኩት። እኔ ከአምስቱ አንዷ ነኝ።

በእኛ አገር ስም ማስፈር ቀላል ሆኖ አያውቅም። በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን በ1975 አሳተመ። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፣ እሱ ከሥራው ተባረረ፣ በ1976 ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ያኔ መጽሐፍ ከመታተሙ በፊት የሚያነብና የሚፈቅድ የሳንሱር ቢሮ ነበር። ቅድመ ምርመራ የቀረው በፕሬስ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 34/1985 ነው። የኔን ረቂቅ ከኔና ከአርታኢዬ በስተቀር ያየው የለም፤ «ይታተም» ብሎ ማኅተም የመታ ሰው የለም። ይኼ ትልቅ ነፃነት ነው። ከኔ ኋላ የምደበቅበት ቢሮ የለም ማለትም ነው።

ስለ ገንዘቡ አጠር ላድርገው። ዓለም አቀፉን የመጽሐፍ መለያ ቁጥር፣ አይኤስቢኤን የምንለውን፣ የሚሰጠው ወመዘክር፣ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ነው፤ የኢትዮጵያ ቁጥር በ978-99944 ይጀምራል። ሽፋኑ ከመጠናቀቁ በፊት ውሰዱ። አከፋፋይ የኔን መጽሐፍ የወሰደው ከዋጋው 35 በመቶውን ለራሱ ሊያስቀር ነው፤ ያውም ሲሸጥ ሊከፍል። አንዱ 300 ቅጂ ተረክቦ ስልኩን ዘጋብኝ። በእጄ የነበረው ወረቀት ፊርማ የሌለው ነበር። አሁን በአንድ ጊዜ ከ100 በላይ አልሰጥም፤ ያለ ፊርማና ያለ ቀን አንድም ቅጂ አይወጣም።

ያተረፉልኝ አዟሪዎቹ ናቸው። አራት ኪሎ ያገኘሁት ልጅ መጻሕፍቱን ከመዳፉ እስከ አገጩ ደርድሮ ይዞ ይሄዳል። ሃያ አምስት ይሆናሉ። የኔን አየና «በአንድ አፍ ንገሪኝ፣ ስለ ምንድነው?» አለኝ። መንተባተብ ጀመርኩ። «እኔ መኪና በመብራት እስኪቆም ነው የምሸጠው» አለ። አሰብኩና «ልጇ እንዲድን ቤቷን የሸጠች እናት» አልኩት። አምስት ወሰደ፣ እጅ በእጅ ከፈለ። በማግስቱ ደወለና አሥር ጨመረ። ስድስት ዓመት የጻፍኩትን ምን እንደሆነ ያወቅኩት በዚያ መንገድ ዳር ነው። መጀመሪያ ሳልጽፍ ይኼን ጥያቄ ብመልስ ኖሮ ስንት ገጽ ይቀርልኝ ነበር።

ስለ ስርቆት የምትፈሩም አላችሁ። «ሐሳቤን ይወስዱብኛል» ብላችሁ ረቂቃችሁን ለማንም አታሳዩም። አዋጅ 410 ሐሳብን አይጠብቅም፤ ሐሳቡ የተገለጸበትን ሥራ ነው የሚጠብቀው። መብቱ የሚወለደው ስትጽፉት ነው፤ ምዝገባ ቅድመ ሁኔታ አይደለም። ቢሆንም አእምሯዊ ንብረት መሥሪያ ቤት ሄዶ ማስመዝገብ ለማስረጃ ይጠቅማል። የኢኮኖሚ መብቱ፣ ከሥራው ገቢ የማግኘት መብቱ፣ ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። ከሱ ሌላ የሞራል መብት አለ፤ በስማችሁ ወይም በብዕር ስም የመታወቅ፣ ሥራችሁ ተበላሽቶ እንዳይቀርብ የመቃወም። መጽሐፉን ብትሸጡት እንኳ ይኼኛው አብሯችሁ ይቀራል። የኔን መጽሐፍ አንድ ሰው ገጽ በገጽ ፎቶ አንሥቶ በፒዲኤፍ ሲያሰራጨው በጣም አዘንኩ። ያሰራጨውን ፈልጌ ጻፍኩለት። አወረደው። ሁሉም አያወርድም፤ ግን ጻፉ። የናንተ መሆኑን እናንተ ካልተናገራችሁ ማን ይናገርላችኋል?

ወደ «ህ» ልመለስ። በዚያው እሑድ ማታ አልጋ ሥር የቀሩትን ቅጂዎች ቆጠርኩ፤ 740 ነበሩ። ታናሽ ወንድሜን ጠራሁት። እሱ ይገልጣል፣ እኔ በጥቁር እስክሪብቶ «ህ»ን ሰርዤ ከላይዋ «ኅ» እጽፋለሁ። አራት ምሽት ፈጀብን። የድሮ የአማርኛ መጻሕፍት መጨረሻ ላይ የስህተት ማረሚያ የሚባል ገጽ ነበራቸው፤ ገጽ ይኼን፣ መስመር ይኼን፣ እንዲህ ተብሎ ይነበብ እያለ የሚሄድ። ልጅ ሆኜ ዘልዬው ነበር የማልፈው። አሁን ሳገኘው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበዋለሁ። እዚያ ገጽ ላይ አንድ ሰው ቆሞ መልስ ሲሰጥ ይታየኛል።

የተሸጡትን ግን ማረም አልችልም። ከ1,000 በላይ ቤት ውስጥ ያቺ እናት አሁንም ያንኑ ትለምናለች። ይኼ ሲያስጨንቀኝ ከረመ።

ባለፈው ክረምት አሮጌ መጻሕፍት ከሚሸጥበት ተራ ስዞር የኔን አየሁት። ሽፋኑ ደብዝዟል፣ አንድ ጥጉ ታጥፏል። ከውስጡ «ለውድ እህቴ፣ ለልደትሽ» የሚል ጽሑፍ አለ። እጄ በራሱ ወደ 143 ሄደ።

በእርሳስ ነው የተጻፈው። «ህ» በቀጭን መስመር ተሰርዛለች፤ ከላይዋ፣ በማላውቀው ሰው እጅ፣ በጥንቃቄ የተሳለች «ኅ» አለች። ከኅዳጉ ላይ ትንሽ የጥያቄ ምልክት ተደርጎ ኋላ ተፍቋል።

«ስንት ነው?» አልኩት ሻጩን።

«ላንቺ 100 ብር።»

ሳልከራከር ከፈልኩና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።